ማዝዳ አርኤክስ-8፦ ንዝረቱ ከየት ነው? ጉልበቷስ የት ገባ?

ያገለገለች አርኤክስ-8 በርካሽ ስትሸጥ የሻጩ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ትንሽ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ሞተሯ ደህና ነው፣ ካንዴላ ብቻ ቀይርላት።» አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ለመጠገን ከመኪናዋ ዋጋ በላይ የሚያስወጣ ሞተር ነው የሚሸጥላችሁ። ሁለቱን ለመለየት የአንድ ቅዳሜ ሥራና ጥቂት መሣሪያ ይበቃል፣ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ጎማ ባላንስ ይደረጋል፣ ሴንሰር ይቀየራል፣ የነዳጅ ፓምፕ ይገዛል፤ መኪናዋ ግን እንደነበረች ናት።

መኪናዋ የተመረተችው እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ነው። ሞተሯ ሮታሪ የሚባል ነው፤ ፒስተን የላትም። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች ናቸው የሚሽከረከሩት፤ እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1.3 ሊትር። እያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ አለው፤ የታችኛው ሊዲንግ፣ የላይኛው ትሬሊንግ ይባላል። ስለዚህ ካንዴላው 4፣ ለካንዴላው የብልጭታውን ኃይል የሚሰጠው ቦቢናም 4 ነው። ይህን አስቀድሜ ያነሳሁት፣ በተለመደው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር የሚሠራው ምርመራ እዚህ ላይ ግማሽ ያህሉን ብቻ ስለሚያሳይ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመለሰው ጥያቄ፣ የሚንቀጠቀጠው ሞተሩ ነው ወይስ እግሯ? የሚል ነው። ለዚህ ኮፈን መክፈት አያስፈልግም። ቀጥ ባለና ነፃ በሆነ መንገድ ላይ ንዝረቱ የሚሰማበትን ፍጥነት ፈልጉ፤ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው እንበል። ፍጥነቱን ሳትቀይሩ ከ6ኛ ወደ 4ኛ ማርሽ አውርዱ። የሞተሩ ዙር ተቀይሮ ንዝረቱ እንደነበረ ከቀጠለ ምንጩ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ ወይም ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ነው። ንዝረቱ ከዙሩ ጋር አብሮ ከተቀየረ ሞተሩ ነው። ለማረጋገጥ መኪናዋን አቁማችሁ በዜሮ ማርሽ ዙሩን እዚያው ቁጥር ላይ ያዙት። ቆማም ከተንቀጠቀጠች ከጎማው ጋር አትድከሙ።

የእግር ችግር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከ80 እስከ 110 ባለው ፍጥነት መሪው እጃችሁ ላይ ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማዎች ናቸው፤ መቀመጫው ከሆነ የኋላዎቹ። ብዙ ወር የቆመች መኪና ጎማዋ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ባላንስ አያስተካክለውም። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2315 ካለ እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው፣ ገና ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ይቀየር። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬን ዲስኩ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ መጥቶ ስትለቁ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ዘንጉና ወደ ዲፈረንሻሉ ማሰሪያ ጎማዎች ሂዱ። የዚህች መኪና ዘንግ አንድ ወጥ የካርቦን ውጤት ነው፤ ከሥር ስትገቡ ክሪክም ሆነ መዶሻ እንዳታስነኩት።

ከእግሯ ሳትወጡ አንድ ነገር እዩ፤ የኋላ ፍሬን ካሊፐር። ከ20 ደቂቃ ጉዞ በኋላ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፣ አትንኩት። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ነው የምትሄዱት፤ «ጉልበት የላትም» የተባለችው መኪና ጉልበቷ እዚያ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ የሚሰማው ንዝረት ዓይነቱ ብዙ ይናገራል። ወጥ የሆነ፣ እንደ ስልክ ንዝረት የማያቋርጥ፣ በዳሽቦርዱና በማርሽ እጀታው የሚሰማ ከሆነ ሞተሩን የተሸከሙት ማሰሪያ ጎማዎች ናቸው። በውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ሲሰነጠቁ ፈሳሹ ወጥቶ ከሥራቸው ጥቁር ቅባት ይተዋል። በተሳፋሪው በኩል ያለው የጢስ ማውጫው ሙቀት ስለሚያገኘው ቶሎ ያረጃል። ኮፈኑን ክፈቱ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይዞ በ1ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ይልቀቅ፣ ከዚያ በሪቨርስ ይድገመው። ሞተሩ በአንዱ በኩል ብድግ ብሎ ከወደቀ ማሰሪያ ጎማው አልቋል። ይህ ምቾት የሚነሳ ችግር ነው እንጂ ጉልበት አይቀንስም፤ ስለዚህ ጉልበትም ከጠፋ ፍለጋው አላለቀም።

ንዝረቱ የተቆራረጠ፣ እንደ መንተባተብ ያለ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚብስ ከሆነ ብልጭታ እየሳተ ነው። በዚህች መኪና ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁልጊዜ ቦቢና ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ቦቢና ካለ፣ ቦቢናው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው። በሮታሪው በየዙሩ ይሠራል። በ6,000 ዙር በደቂቃ የዚያኛው በሰከንድ 50 ጊዜ ሲያበራ የዚችኛዋ 100 ጊዜ ታበራለች። እጥፍ ሥራ፣ እጥፍ ሙቀት። ለዚህ ነው ብዙ ባለቤቶች ችግር ሳይጠብቁ በየ30,000 ማይሉ፣ ማለትም በየ48,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ አራቱንም የሚቀይሩት። ከሻጩ ደረሰኝ ጠይቁ፤ «ተቀይሯል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

ስካነር ሰክታችሁ P0301 የሚል የስህተት ኮድ ካገኛችሁ ብልጭታ የሚስተው የፊተኛው ሮተር፣ P0302 ከሆነ የኋለኛው ነው። አራቱ ቦቢናዎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የፊተኛውን ሊዲንግ ቦቢና ከኋለኛው ሊዲንግ ጋር ለዋውጡ፤ ኮዱ ወደ ሌላው ሮተር ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። ካልተዛወረ ካንዴላውን፣ ገመዱንና የሶኬቱን ሽቦ እዩ።

ሰው የሚሸወደው ትሬሊንጉ ላይ ነው። ሊዲንግ ሲሞት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ትሬሊንግ ሲሞት ግን ታችኛው ካንዴላ ብቻውን ማቃጠሉን ስለሚቀጥል ንዝረቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ኮድም ላይመጣ ይችላል። የሚታየው ጉልበት መቀነስ፣ ነዳጅ መብዛትና የጢስ ማውጫ ሙቀት ብቻ ነው። ሶኬት እየነቀሉ ለውጡን ማዳመጥ ለሊዲንግ ይሠራል፣ ለትሬሊንግ አይሠራም። ክፍተቱ የሚስተካከል የብልጭታ መሞከሪያ ግዙ፤ ርካሽ ነው። አራቱን ቦቢናዎች በየተራ በአንድ ዓይነት ክፍተት ሞክሩ፣ ከዚያ ክፍተቱን ቀስ እያደረጋችሁ አስፉ። ጤነኛው ሰማያዊና ጮክ ያለ ብልጭታ ሲያዘልል የደከመው ቢጫ ሆኖ ይዘላል፣ ክፍተቱ ሲሰፋም ቀድሞ ያቆማል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መሞከሩ ይሻላል፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ደህና መስሎ ሲሞቅ የሚከዳ ቦቢና ብዙ ነው።

ካንዴላውን ስታወጡ የፊት ግራ ጎማውን አንሱ፣ ካቫሌቶ ላይ አስቀምጡ፣ በጎማው ቤት በኩል እጃችሁን ስደዱ፤ ከላይ ከመታገል ይቀላል። ሊዲንጉ አርኢ7ሲ-ኤል፣ ትሬሊንጉ አርኢ9ቢ-ቲ የሚል ምልክት አለው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም ባይባልም መግባት የለበትም፤ ሙቀት የመቋቋም ደረጃቸው ይለያያል። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ መልሱ፤ አራቱን በአንዴ ነቅሎ ማስታወስ ላይ የሚተማመን ሰው ከሥራው በኋላ አዲስ ንዝረት ይፈጥራል። ቤቱ አሉሚኒየም ነውና መጀመሪያ በእጅ አስገብታችሁ በቶርክ ቁልፍ 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ላይ አጥብቁ።

እዚህ ላይ ለሮታሪ አዲስ ለሆነ ሰው ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩን ለሰከንዶች አስነስታችሁ ወዲያው አታጥፉ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚረጨው ነዳጅ ብዙ ነው፤ ሳይሞቅ ከጠፋ ካንዴላው ይርሳል፣ ዳግም አይነሳም። ከነቀላችሁና ከመለሳችሁ በኋላ ሙቀቱ መካከለኛ እስኪሆን ይሥራ። ከረጠበ ደግሞ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ሞተሪኖውን አሽከርክሩ፤ ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ያቋርጣል፣ ውስጡ ይደርቃል።

ቦቢና ደክሞ ለወራት የተነዳች መኪና ሁለተኛ በሽታ ይዛ ነው የምትመጣው። ያልተቃጠለው ነዳጅ ጢሱን ወደሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይሄዳል፣ እዚያ ይቃጠላል፣ በውስጡ ያለውን የሴራሚክ ወንፊት ያቀልጠዋል። የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ «አሁን ካታሊቲኩን እያበላሸህ ነው» ማለቱ ነው። ወንፊቱ ሲዘጋ ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል። ምልክቱ የተለየ ነው፦ ከታች ደህና ትሄዳለች፣ ከ4,000 ወይም ከ5,000 ዙር በላይ ግን አንድ ሰው ከኋላ የያዛት ይመስላል፣ እስከ 9,000 መድረስ የሚችለው ሞተር ይታፈናል። ሲብስ ዳገት አትወጣም።

ይህን በግምት አትቁረጡ። ከካታሊቲኩ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ነቅላችሁ በቦታው የግፊት መለኪያ አስገቡ። ሚኒሞ ላይ ከ1.25 ፒኤስአይ በላይ፣ በ2,500 ዙር ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካነበበ መንገዱ ተዘግቷል። መለኪያ ከሌለ መኪናዋ በደንብ ከቀዘቀዘች በኋላ ካታሊቲኩን በእጅ መዳፍ መታ መታ አድርጉት፤ ውስጡ ጠጠር እንዳለበት ቆርቆሮ ከተንኳኳ ወንፊቱ ተሰብሯል። የተሰበረው ቁራጭ ወደ ማርሚታ ሄዶ እዚያ ሊዘጋ ስለሚችል ካታሊቲኩን ከቀየራችሁ በኋላም ጉልበት ካልተመለሰ ማርሚታውን ፈትሹ።

ደጋግሞ የሚሠራው ስህተት ካታሊቲኩን ቀይሮ ቦቢናውን መተው ነው። አዲሱ ውድ ዕቃ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ አሮጌው ይቀልጣል። ቦቢና፣ ገመድና ካንዴላ መጀመሪያ፤ ካታሊቲክ ቀጥሎ። ካታሊቲኩን አውልቆ በባዶ ቧንቧ መንዳት የሚመክሩም አሉ፤ አሜሪካ ላይ ሕገወጥ ነው፣ ምርመራም አታልፉም።

ሦስተኛው ዓይነት ንዝረት የሚያሳስበው ነው። ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ከ2,500 ዙር በላይ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ትላለች። ይህ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን የማመቅ አቅሙ፣ መውደቅ ምልክት ነው። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎች፣ አፔክስ ሲል የሚባሉት፣ ሲያልቁ አየር ያፈስሳሉ፤ ሮተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር አየሩ ለማፍሰስ ጊዜ ስለማያገኝ ችግሩ ይደበቃል። ለዚህ ነው በሙከራ ጉዞ ላይ ደህና የመሰለች መኪና ትራፊክ መብራት ላይ የምትጠፋው።

መኪናዋን ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራ ነፃ ሙከራ አለ። ለ20 ደቂቃ ንዷት፣ አጥፉ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ አስነሱ። ጤነኛ ሞተር ወዲያው ይነሳል። ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ካንከባለለ፣ ወይም ሻጩ «ስትሞቅ እንዲህ ናት፣ ትንሽ ነዳጅ ስጣት» ካለ፣ ዋጋ ላይ ከመነጋገር በፊት ኮምፕሬሽን አስለኩ። ሻጩ አስቀድሞ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ክፋት የለውም፣ ለዚህ ሙከራ እንዲያውም ረዳችሁ።

የተለመደው የፒስተን ኮምፕሬሽን መለኪያ እዚህ ያታልላል። በውስጡ ያለችው ባልቦላ ከፍተኛውን ግፊት ይዛ ታስቀራለች፤ አንድ ሮተር ግን ሦስት ፊት አለው። ሁለቱ ጤነኛ፣ አንዱ የተሰበረ ቢሆን መለኪያው የጤነኛውን ቁጥር ነው የሚያሳየው። ባልቦላዋን አውጥታችሁ ብትሞክሩ መርፌው ሮተሩ ራሱ አንድ ሙሉ ዙር በዞረ ቁጥር ሦስት ጊዜ ሲዘል ታያላችሁ፤ ሦስቱ ዝላይ እኩል መሆን አለባቸው። ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ከሆነ አንዱ ማሸጊያ ተሰብሯል። ይህ እኩልነትን ያሳያል እንጂ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም። ለቁጥሩ የሮታሪ መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልጉ፤ መሣሪያው ስድስቱንም ፊት ለየብቻ፣ ሞተሪኖው ከሚያዞርበት ፍጥነት ጋር ያትማል። የማዝዳ መለኪያ በ250 ዙር በደቂቃ ነው፦ አዲስ ሞተር 8.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ዝቅተኛው ወሰን 6.9። በአንድ ሮተር ሦስት ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ1.5፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ደግሞ ከ1.0 መብለጥ የለበትም።

ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ የነዳጅ ፔዳል እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሲለካ ነው። ሮተሮቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ (ኤክሰንትሪክ ሻፍት) የሚያነበውን ሴንሰር ሶኬት ከነቀላችሁ ነዳጁም ብልጭታውም ይቆማል፣ ከዚያ በደህና ማሽከርከር ይቻላል። ሞተሪኖው ደክሞ በ200 ዙር ብቻ ካዞረ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ወደ 250 ካልተሰላ ጤነኛ ሞተር ይኮነናል። ከፍታም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ወገኖች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በ17 ወይም በ18 በመቶ ያንሳል፤ ንባቡም በዚያው መጠን ይወርዳል፣ የሞተሩ ጉልበትም እንደዚሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ 7.8 የሚያነብ ሞተር እናንተ ዘንድ 6.4 ቢያነብ አልሞተም። የወሰን ቁጥሩን በቀጥታ አንብቦ «ሞተር ቀይር» ለሚላችሁ ይህን ጠይቁት።

ኮምፕሬሽኑ ከወሰን በታች ከሆነ የቀረው ምርመራ ትርጉም የለውም። ወፍራም ዘይት፣ ጠርሙስ መድኃኒት፣ የተሻለ ሞተሪኖ፣ ሁሉም ጊዜ መግዣ ናቸው። ማዝዳ በአሜሪካ ለ2004 እስከ 2008 ሞዴሎች የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ነበር፤ ጊዜው አልፏል፣ ነገር ግን ብዙዎቹ በዚያ ሞተር ተቀይሮላቸዋል። የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ለአከፋፋይ ሰጥታችሁ መቼና በስንት ማይል እንደተቀየረ ጠይቁ፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማይል የሞተሩ ዕድሜ ላይሆን ይችላል።

ቦቢናውም ካታሊቲኩም ኮምፕሬሽኑም ደህና ሆነው ጉልበት ከጎደለ ዙሩን ተመልከቱ። ጉልበቱ በትክክል 3,750 ዙር አካባቢ ላይ የሚሞት ከሆነ በአየር ማስገቢያው ላይ ያለው ሁለተኛ መዝጊያ በጥላሸት ተጣብቋል። በዚያ ዙር ተከፍቶ ተጨማሪ አየር ማስገባት ነበረበት። የሚከፍተው በቫኩም ስለሆነ በእጅ ፓምፕ ቫኩም ስጡት፤ ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ስትለቁት በሞላው ኃይል መመለስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ የካርቦን ማጽጃ ፈሳሽና ትዕግሥት ይፈታዋል። ዙሩ ወደ ላይ እየሮጠ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት 4ኛ ማርሽ ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ማየት ይበቃል። በስካነሩ ላይ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያው ከ+10 በመቶ ካለፈ ወይ አየር በሆነ ቱቦ ይገባል፣ ወይ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ቆሽሿል፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል። ከሦስቱ ርካሹ ሴንሰሩን በራሱ ማጽጃ መርጨት ነውና ከዚያ ጀምሩ። ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት 390 ኪሎ ፓስካል አካባቢ መሆን አለበት፤ ነዳጅ ሲረገጥ ከዚያ የሚወርድ ከሆነ ያኔ ግዙ።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ነገር አይረሳ። ባትሪ ከነቀላችሁ ኮምፒዩተሩ የሻፍት ሴንሰሩን ልክ ሊረሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሮተሩን ሳይለይ ብልጭታ ስቷል የሚለው P0300 ኮድ ይመጣል፣ ሰውም ቦቢናውን ደግሞ ይቀይራል። እስከ 2008 ባሉት ሞዴሎች ቁልፉን ሳታስነሱ ኦን ላይ አድርጉና የፍሬን ፔዳሉን በ8 ሰከንድ ውስጥ 20 ጊዜ ርገጡ። የዘይት ግፊት ጌጁ መርፌ ብድግ ብሎ ከተመለሰ ተቀብሏል። ከዚያ አስነስታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ሚኒሞ ላይ ተዉት፣ ዘይቱን ለኩ፤ ሮታሪ በተፈጥሮው ዘይት ያቃጥላልና ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር ዲፕስቲኩን ማየት ይልመድባችሁ። ከዚያ ስካነሩን እንደሰካችሁ ለግማሽ ሰዓት ንዷት። P0300 ተመልሶ ከመጣ አሁን የሚናገረው እውነት ነው።